ያለ ጊዜው የሚደወል ደወል

በባሕር ዳር ከተማ፣ ቀትር አልፎ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ገና ሳይነሣ፣ አንዲት የቤት እመቤት ጎረቤቶቿን ለቡና ጠርታ፣ ቄጠማውን ጎዝጉዛ፣ ከሰሉን አቀጣጥላ፣ የታጠበውን ቡና በብረት ምጣድ ስትቆላ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከታት። ቡናው ተንጣጥቶ ሲጠቁር፣ እሷም ጢሱን ለእንግዶቿ ለማድረስ ምጣዱን ይዛ ብድግ ስትል፣ ከደረቷ የተነሣ ትኩሳት አንገቷን አልፎ ጆሮዋ ጫፍ ይደርሳል፤ ቆዳዋ ይነድዳል፣ ያሳክካታል፤ ልቧ ይመታል፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ምጣዱን አስቀምጣ ግድግዳውን ትደገፋለች። ከጎረቤቶቿ በዕድሜ የገፉት፣ «የኔ ልጅ፣ ምች መትቶሽ ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቅልሽ» ይላሉ፤ ሌላይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ማሳከኩ ይተዋታል፤ ባሏ ከሥራ ሲመለስ በገጽዋ ላይ የሚታይ አንዳች ምልክት ስለማያገኝ፣ እሷም ሳያማት አመመኝ ያለች እንዳትመስል ዝምታን ትመርጣለች።

ይህች ሴት በምናብ የተሣለች ብትሆንም፣ የተነገረባት ሁሉ በእርግጥ በሰው ላይ የሚደርስ ነው። ሕማሙ ማስት ሴል ከሚባሉት የሰውነት ሕዋሳት መታወክ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ መጥቶ ስለሚሄድ፣ ሲሄድም ምስክር ስለማይተው፣ በሐኪምም በቤተ ሰብም ፊት ለመታመን የሚያስቸግር ደዌ ነው። ነገር ግን ባሕርዩን ላወቀው ሰው ሥርዓት የሚይዝ፣ በጥንቃቄና በመድኃኒት የሚገራ ሕማም ነውና፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው አንባቢው ያንን ባሕርይ ዐውቆ ራሱን ወይም ጎረቤቱን ይረዳ ዘንድ ነው።

የሰውነት በር ጠባቂዎች

ማስት ሴሎች የሚኖሩት ሰውነታችን ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝበት በር ሁሉ ነው፤ ይኸውም በቆዳ ሥር፣ በአፍንጫና በሳንባ ቧንቧዎች፣ በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ፣ እንዲሁም በደም ሥሮችና በነርቮች አጠገብ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶችን ይዟል፤ በከረጢቶቹም ውስጥ ሂስታሚን፣ ሄፓሪን፣ ትሪፕቴዝና ሌሎችም ቅመሞች ተከማችተዋል። ጠላት ገባ ሲባል ከረጢቶቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ሂስታሚኑ የደም ሥሮችን አስፍቶ ግድግዳቸውን ያላላል፤ ደምም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ ከደም ሥር ያመለጠው ውሃ ቆዳውን ያሳብጠዋል፤ የተነካው ነርቭ ያሳክካል፤ አንጀት ይኮማተራል፤ የመተንፈሻ ቧንቧ ይጠብባል።

በጣና ገዳማት አጥቢያ የተመላለሰ ሰው፣ ከብረቱ ደወል ሌላ በገመድ የተንጠለጠለ ረጅም የድንጋይ ደወል ሳያይ አይቀርም። ያ ድንጋይ በጊዜው ሲመታ መነኮሳቱን ለጸሎት ይሰበስባል፤ በመንፈቀ ሌሊት ያለ ምክንያት ቢመታ ግን ገዳሙን በሙሉ አስደንግጦ ያስነሣል፤ የተነሣውም ሰው እሳቱን ፍለጋ ሲራወጥ ማሰሮ ይሰብራል፣ እርስ በርሱም ይጋጫል። የማስት ሴልም ሕማም እንዲሁ ነው። ደወሉ ለጥበቃ የተሰቀለ መልካም ደወል ሲሆን፣ ጥፋቱ ያለ ጊዜው ወይም ከልክ በላይ መደወሉ ነው።

እነዚህን ሕዋሳት ለይቶ ስም ያወጣላቸው ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ ሲሆን፣ ይህንንም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1878 የዶክትሬት ጽሑፉን ባቀረበበት ወራት፣ የ24 ዓመት ወጣት ሳለ ነበር። ሕዋሳቱ በከረጢት ተሞልተው ባየ ጊዜ በምግብ ብዛት የወፈሩ መስለውት፣ በቋንቋው ከማደለብ ጋር የተዛመደውን «ማስት» የሚለውን ቃል ሰጣቸው። ከእርሱ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ኤድዋርድ ኔትልሺፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲያሹት የሚያብጥ ቡናማ ነቁጥ በቆዳዋ ላይ የፈሰሰባትን ሕፃን ታሪክ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን የኔትልሺፕ ነቁጥና የኤርሊኽ ሕዋስ አንድ ነገር መሆናቸው የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። የሰውነት ሂስታሚን በአብዛኛው በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የሚቀመጥ መሆኑም የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1953፣ በራይሊና በዌስት ምርምር ነው።

አንባቢው «እንዲህ የሚያውኩ ከሆነ ፈጣሪ ለምን ሰጠን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። ማስት ሴሎች ከጥንት ጀምሮ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ የሆድና የቆዳ ጥገኛ ትሎችን መዋጋት ነው፤ ከወስፋትና ከመንጠቆ ትል ጋር በኖረ አገር፣ የቢልሃርዝያ ትል በሚገኝበት በጣና ዳርቻ፣ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። ስለዚህም በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ቆዳው ባሳከከውና ሽፍታ በወጣበት ጊዜ፣ ስለ ማስት ሴል ሕማም ከማሰብ አስቀድሞ ሰገራውን አስመርምሮ ትል ካለበት መታከም ይገባዋል። ደወሉ በእውነተኛ ሌባ ምክንያት ተደውሎ ከሆነ፣ ደዋዩን መክሰስ ፍርድ ማጣመም ነውና።

ሕማሙ ስንት ዓይነት ነው?

የሕክምና ሊቃውንት ነገሩን በሁለት ዐበይት ክፍሎች ያዩታል። የመጀመሪያው ማስቶሳይቶሲስ የሚባለው ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ጠባቂዎቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ በቆዳ ብቻ ተወስነው ይቀራሉ፣ ወይም ወደ መቅኔ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጀት ይዘልቃሉ። ወደ ውስጥ በዘለቀው ዓይነት ከተያዙ አዋቂዎች መካከል ከ10ሩ ከ8 በሚበልጡት ላይ ኪት በሚባለው በራሂ (ጂን) ውስጥ አንድ የታወቀ ለውጥ ይገኛል፤ ይህም ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን በሕይወት ዘመን የሚደርስ ነው። በሕፃናት ላይ የሚታየው የቆዳው ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሚጀምርና ወደ ጉልምስና ሲቃረቡ ብዙ ጊዜ የሚቀል ስለሆነ፣ ወላጆችን ሊያጽናና የሚገባ ነው። ሁለተኛው ክፍል የማስት ሴሎች ከልክ ያለፈ መነቃቃት ይባላል፤ የጠባቂዎቹ ቍጥር ሳይበዛ ጠባያቸው ብቻ ይሸበራል።

ሁለተኛው ዓይነት በምርመራ ለመያዝ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መመሪያ ሦስት ነገሮች አብረው እንዲገኙ ጠይቀዋል። አንደኛ፣ ሕመሙ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ የሰውነት ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ቆዳንና ሆድን፣ ወይም ቆዳንና ልብን፣ በአንድነት የሚያጠቃ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ፣ ሕመሙ በተነሣ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ትሪፕቴዝ ከወትሮው መጠን ከፍ ማለት አለበት፤ ሦስተኛ፣ የእነዚህን ሕዋሳት ቅመም የሚከላከል መድኃኒት ሲሰጥ ሕመሙ መቅለል አለበት። ከፍ አለ የሚባለውም የወትሮው መጠን በ20 በመቶ ጨምሮ፣ በዚያም ላይ 2 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ሲደረብበት ነው፤ የወትሮው 5 የሆነ ሰው በሕመሙ ሰዓት 8 ከደረሰ፣ ደወሉ በእርግጥ ተደውሏል ማለት ነው። ደሙ መቀዳት ያለበት ሕመሙ ከተነሣ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለማነጻጸሪያም ሕመሙ ፈጽሞ ከለቀቀ ከአንድ ቀን በኋላ ዳግመኛ ይቀዳል።

ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የሚኖር ሕሙም በመጀመሪያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያው ሄዶ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ቢሻገር፣ ካስፈለገም በአዲስ አበባ የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥባቸው እንደ አለርት ወዳሉ ስፍራዎች ቢላክ ይበጀዋል። ሐኪሙም ፊት የሚያግሉ ሌሎች ምክንያቶችን አስቀድሞ ይመረምራል፤ የወር አበባ መቋረጥ፣ የእንቅርት ሕመም፣ እንደ ኒፌዲፒን ያለ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አልፎ አልፎም ቅመም የሚያመነጭ የአንጀት ዕጢ ተመሳሳይ ትኩሳት ያመጣሉና። ከቆዳ የሚወሰድ ቅንጣት ናሙና፣ አንዳንድ ጊዜም የመቅኔ ምርመራ፣ ነገሩን ይቈርጠዋል።

በጠይም ቆዳ ላይ የማይታይ እሳት

በዚህ ላይ የሐበሻ አንባቢ ከሌላው አገር አንባቢ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የሚታየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ቆዳ ሥዕል በመሆኑ፣ ፊት እንደ ቲማቲም ካልቀላ ሕማሙ የሌለ ይመስላል። እኛ ግን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር እየተባልን የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ በጠይሙና በጥቁሩ ቆዳ ላይ ደም ሲጎርፍ የሚታየው ቅላት ሳይሆን የመልኩ መጥቆር፣ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥልቅ ቀለም ነው፤ አንዳንዴም ለዓይን ምንም አይታይም። ስለዚህ ሕመምተኛው «ፊቴ ነደደ» ሲል፣ ባጠገቡ ያለው ሰው በእጁ ጀርባ ጉንጩንና አንገቱን ዳስሶ ሙቀቱን ይመስክር፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጎ ውስጡን፣ ከንፈሩንና መዳፉን ይመልከት። ያበጠ ሽፍታም ቀለሙ ባይታይ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በጎን በኩል ብርሃን ሲወድቅበት ደግሞ ጥላ ያወጣል።

የማስቶሳይቶሲስ ነቁጥም በእኛ ቆዳ ላይ ምስር ወይም ባቄላ የሚያህል ጥቁር ቡናማ ጠቃጠቆ መስሎ በጭንና በጀርባ ላይ ስለሚወጣ፣ እናቶች «ማርያም የሳመችው ነው» እያሉ በፍቅር ይመለከቱታል። መለያው ግን አለ። ነቁጡ በጣት በቀስታ ሲታሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያብጣል፣ ዙሪያውም ይሞቃል፣ ያሳክካል፤ ይህም በፈረንሳዊው ሐኪም በዳሪዬ ስም የሚጠራ ምልክት ነው። ነገር ግን በሕፃን ገላ ላይ ያለን ትልቅ ነቁጥ ደጋግሞ ማሸት ብዙ ቅመም በአንድ ጊዜ አፍስሶ ሕፃኑን ሊጥለው ስለሚችል፣ ፈተናው ለሐኪም እጅ ይተው።

ደወሉን የሚጎትቱ እጆች

ለዚህ ሕማም ዐይነተኛው ሕክምና መንስኤውን ማወቅና መሸሽ ነው፤ ይህንንም ከሕመምተኛው በቀር ሊፈጽምለት የሚችል የለም። አንዱን የሚያሳምመው ሌላውን አይነካውምና፣ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ለእያንዳንዱ ሰው የተደነገገ ክልክል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ራሱን የሚፈትንበት ማስታወሻ ነው።

ፊተኛው የአየር ጠባይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትሩ ያቃጥላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ማለዳው ቀዝቅዞ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታል። ማስት ሴሎችን የሚያውካቸው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛው መለዋወጥ ጭምር ነው፤ ላብ ባላበው ገላ ወደ ሐይቁ ዘሎ መግባት፣ ከሞቀ ክፍል ወጥቶ የጀልባ ነፋስ መቀበል፣ በፈላ ውሃ መታጠብ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። በጥምቀት ዕለት ፀሐይ ላይ ቆይቶ ቀዝቃዛ የተባረከ ውሃ የሚረጭበት ምእመን፣ በደመራም እሳት አጠገብ የሚቆም ሰው፣ ይህ ሕመም ካለበት ከበዓሉ መቅረት የለበትም፤ ጥላ ፈልጎ ይቁም፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ ይውሰድ፣ ውሃውንም በድንገት በደረቱ ከመቀበል ይልቅ ከእጁና ከግንባሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀበል። ጠባብና ሻካራ ልብስ፣ በደረቅ ፎጣ በኃይል መታሸት፣ ከባድ ሸክምም እንዲሁ ቆዳን እያሻሹ ያስቆጣሉና ለስላሳ የጥጥ ልብስ ይመረጣል።

ሁለተኛው ምግብና መጠጥ ነው። አልኮል ከሁሉ ይልቅ ይከስሳል፤ ጠጅም ሆነ ጠላ፣ አረቄም ሆነ ቢራ፣ የደም ሥር ያሰፋሉ፣ ማስት ሴሎችንም ያነቃቃሉ። ሚጥሚጣና የበዛ በርበሬ በአንዳንዱ ሰው ላይ ትኩሳት ያስነሣሉ። ብዙ ቀን የቆየ፣ የተብላላና የከረመ ምግብ በውስጡ ሂስታሚን ሊያጠራቅም ይችላል፤ ዓሣም በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ዓሣ ከውሃ ከወጣ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ፣ ባክቴሪያዎች በሥጋው ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል፤ የተፈጠረውም ሂስታሚን በመጥበስም በመቀቀልም አይጠፋም። ይህ ነገር እንደ ቱና ባሉ የባሕር ዓሦች ላይ ይበልጥ የሚታይ ቢሆንም፣ ትምህርቱ ለጣና ዳር ቤትም ይበጃል፤ ቆሮሶውም ሆነ አምባዛው በዕለቱ ተይዞ፣ በዕለቱ ተጠርጎና ተበስሎ ይበላ እንጂ፣ ያደረው ተሞቆ አይቅረብ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ግን ፈርቶ ከማዕድ አይራቅ፤ ሳያስፈልገው ምግብ ሁሉ የሚከለክል ሰው ከሕማሙ ይልቅ በረኃብ ይዳከማልና፣ አንዱን ምግብ ለጊዜው ትቶ ማየት፣ ለውጥ ከሌለ መልሶ መብላት ይገባዋል።

ሦስተኛው ንብ ነው። ጐጃም የማርና የጠጅ አገር ነው፤ ቀፎው ከጓሮ፣ ንቡ ከአበባው አይጠፋም። ማስቶሳይቶሲስ ላለበት ሰው የንብ ወይም የተርብ ንድፊያ ለሞት የሚያደርስ ድንጋጤ ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው ነው፤ አንድ ንድፊያ ብቻ፣ ሽፍታ እንኳ ሳያወጣ፣ ራስ አስቶ ሊጥል ይችላል። ይህ ሕመም የታወቀበት ሰው ማር መቍረጥን ለሌላ ይተው፤ ንብ አናቢነት መተዳደሪያው ከሆነም ሐኪሙን ሳያማክር፣ ሙሉ መከላከያ ልብስ ሳይለብስና ረዳት ሳይዝ ወደ ቀፎ አይቅረብ። ከተነደፈ ንቧ የተወችውን እሾህ ጊዜ ሳያባክን በጥፍሩ ፍቆ ያውጣ።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ መድኃኒት ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት የለመደ ነው፤ እነዚህና አስፕሪን፣ እንዲሁም ኮዴይንና ሞርፊን፣ ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም ቫንኮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በአንዳንድ ሰው ላይ የማስት ሴሎችን ከረጢት እንዲከፈት ያደርጋሉ። አስፕሪን በሌላ ቅመም ምክንያት የሚመጣውን የፊት ትኩሳት የሚያበርድበት ጊዜ ቢኖርም፣ ያው መድኃኒት ሌላውን ሰው ሊገድል ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞከርም። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ የሚስማማ ነው። ጥርስ የሚነቀል፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት፣ ወይም ቀለም ተወግቶ የሚነሣ ራጅ የታዘዘለት ሕሙም፣ ሕማሙን ለሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይንገር። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሆኑት እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉትም፣ በጭንቅ ሰዓት የሚሰጠውን አድሬናሊን ኃይል ስለሚያዳክሙ፣ የሚወስዳቸው ሰው ይህንኑ ይግለጥ።

በመጨረሻም ኀዘን፣ ድንጋጤ፣ ቍጣና እንቅልፍ ማጣት አሉ። ማስት ሴሎች በነርቮች አጠገብ የሚኖሩ በመሆናቸው የነፍስ ሁከት ወደ ቆዳ ለመውጣት መንገዱ አጭር ነው። ይህ ማለት ግን ሕመሙ «የሐሳብ ነው» ማለት አይደለም፤ ኀዘኑ ደወሉን ይጎትታል እንጂ የሚደወለው ደወል እውነተኛ ደወል ነው።

ደብተሩና መድኃኒቱ

ሕመምተኛው ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይግዛ፤ በገጹም ላይ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ባለፉት ጥቂት ሰዓቶች የበላውንና የጠጣውን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የነበረበትን ስፍራና ሥራ፣ ከዚያም የተሰማውንና የቆየበትን ጊዜ ይጻፍ። በመግቢያችን የተመለከትናት እመቤት እንዲህ ያለ ደብተር ብትይዝ፣ ከአንድ ወር በኋላ ገጾቹን ስትገልጥ ምናልባት ሕመሙ የመጣባት ቡና በጠጣችበት ቀን ሁሉ ሳይሆን፣ ራሷ ከሰሉ ላይ አጎንብሳ በቆላችበት ቀን ብቻ፣ ይልቁንም ሌሊቱን ሳትተኛ ባደረች ማግሥት መሆኑን ትረዳለች። ያን ጊዜ ቡናን መተው አያስፈልጋትም፤ መቁላቱን ለልጇ ሰጥታ፣ በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሲኒውን መቀበል ይበቃታል። ሐኪምም ቢሆን በቀላሉ ከሚረሳ የአፍ ንግግር ይልቅ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ይወድዳል፤ በቆዳ ላይ የታየውን ሽፍታም በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ለጠፋው ምልክት ምስክር ያቆምለታል።

ከመድኃኒቶች ፊተኞቹ ሂስታሚንን የሚከላከሉት ናቸው። ሴትሪዚንና ሎራታዲን እንቅልፍ ብዙ የማያመጡ ስለሆኑ በየቀኑ ይወሰዳሉ፤ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ግን እንቅልፍ ያመጣሉና መኪና ወይም ባጃጅ ለሚነዳ፣ ጀልባም ለሚቀዝፍ ሰው አይስማሙም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ ሲነሣ ብቻ በመዋጡ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሂስታሚኑ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቀድመው የሚቀመጡ ናቸውና፣ ኃይላቸው ቀድሞ በመገኘት ነው። አንድ ጊዜ በቀን የሚወሰደው መጠን ካልበቃ፣ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ሕመምተኛው በራሱ ሥልጣን ግን አያሳድገውም። ለሆዱ ቍርጠትና ለጨጓራው ቃር እንደ ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን ያሉት ይታከላሉ፤ ክሮሞሊን የሚባለው የማስት ሴሎችን ከረጢት እንዳይፈነዳ ያጸናል፤ ሞንቴሉካስት ደግሞ ሉኮትሪን በሚባለው ቅመም ላይ ይዘምታል። ሕማሙ ወደ መቅኔ ለዘለቀባቸው ጥቂት ሰዎችም በተለወጠው በራሂ ላይ የሚሠሩ አዳዲስ መድኃኒቶች በዘመናችን ተገኝተዋል።

በጭንቅ ሰዓት

ሽፍታና ትኩሳት ብቻ ሲሆን ጥላ፣ ለብ ያለ ውሃ የነካ ጨርቅና የታዘዘው ክኒን ይበቃሉ። ነገር ግን ድምፅ ሲጎረንን፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ትውከት ሲደጋገም፣ ዓይን ሲጨልምና ራስ ሲስት፣ ይህ አናፊላክሲስ የሚባለው ነው፤ ለእርሱም ፊተኛው መድኃኒት ክኒን ሳይሆን አድሬናሊን ነው። መርፌው በጭኑ ውጫዊ ጎን፣ በመካከለኛው ስፍራ፣ በጡንቻ ውስጥ ይሰጣል፤ ለአዋቂ መጠኑ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ለሕፃን በያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተሻለው ይደገማል። ሕሙሙ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ብቻ ደገፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ተሻለኝ ብሎ በድንገት ብድግ አይበል፣ የደም ግፊቱ በወረደበት ሰው ላይ ይህ ብድግታ ሞት ሊያመጣ ይችላልና። ከዳነም በኋላ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል በሆስፒታል ይጠበቅ።

በሩቅ አገር ሕሙማን ራሳቸውን የሚወጉበትን የተዘጋጀ መርፌ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን አድሬናሊን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በጤና ተቋማት ውስጥ፣ በአምፑል ነው። ይህም ለጣና ዳር ሰው ከባድ ሐሳብ ያመጣል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመካከለኛው ሐይቅ ደሴቶች ከዚያም ይርቃሉ፤ አናፊላክሲስ ግን ደቂቃ እንጂ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ ከዚህ ቀደም ራሱን ስቶ የወደቀ ሕሙም ገዳማቱን ለመሳለም ሲነሣ፣ አድሬናሊንና መርፌ ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን በጊዜ ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለትም አወጋጉን እርሱና አብሮት የሚሄደው ሰው በጤና ባለሙያ ፊት ተምረው፣ መጠኑን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። የሕማሙን ስምና የማይስማሙትን መድኃኒቶች የያዘ ካርድም ከመታወቂያው ጋር ይኑር።

የቤት ሰውና የንስሐ አባት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ሕመም ሲመጣ የሕመምተኛው አንደበት ሊያዝ ስለሚችል፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሌላ አንደበት በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። የትዳር ጓደኛው፣ ታላቅ ልጁ፣ የጠበቀ ጎረቤቱ መድኃኒቱ የት እንዳለ ይወቁ። በሰው ቤት ተጋብዞ «ጠጅ አልጠጣም» ያለውን እንግዳ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ማስገደድ ከፍቅር የመነጨ ልማድ ቢሆንም፣ ለዚህ ሕሙም ግን ፍቅሩ የሚገለጠው ጽዋውን በመተው ነው።

ሃይማኖትም በዚህ ነገር ላይ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በጾም ሥርዓት ርኅራኄ ታደርጋለችና፣ ክኒኑን በማለዳ መዋጥ የሚገባው ሕሙም ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ገልጦ ምክር ይቀበል እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አስተባብረው እንዲጠቀሙ በይፋ መምከራቸው፣ ለሌላውም ደዌ የሚሆን ትምህርት ነው። ዳማከሴውም በእናት እጅ ተጨምቆ ሲመጣ በፍቅር ይመስገን፤ ነገር ግን በታዘዘው መድኃኒት ስፍራ አይተካ።

አባቶቻችን በግእዝ ሐኪምን «ዐቃቤ ሥራይ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ የመድኃኒት ጠባቂ ማለታቸው ነው። የማስት ሴል ሕማም ያለበት ሰው በሰውነቱ በር ላይ የቆሙትን ጠባቂዎች ሊያሰናብታቸው አይችልም፤ ያለ እነርሱም መኖር አይገባውም። ሊያደርግ የሚችለው፣ ሐኪሙ በወር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያየው፣ በቀረው ዘመን ሁሉ እርሱ ራሱ የራሱ ዐቃቤ መሆን ነው። ያች እመቤት በሚመጣው ሰንበት ጎረቤቶቿን ስትጠራ፣ ልጇ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ ቡናውን ትቆላለች፤ እርሷ በመስኮቱ በኩል ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ እየተቀበለች ስለ ሕማሟ ስም፣ ስለ ካርዱና መድኃኒቱ ስለተቀመጠበት መሳቢያ ለእንግዶቿ ታስረዳለች፤ አሮጊቷም ጎረቤት እጃቸውን ዘርግተው፣ በእጃቸው ጀርባ ጉንጯን ይዳስሳሉ።